የሸሸ ድድ

ጠጋ በሉና አድምጡኝ። ዛሬ የማወራችሁ ከስንዴ ቅንጣት ስለምታንስ ቦታ ነው። በግራ በኩል፣ ከላይ፣ ክራንቻዬ ከድዴ የሚገናኝባት ጥግ ናት። ያቺን ጥግ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በገዛ እጄ ሳፈርስ ኖሬ፣ አንዲት ሐኪም በአንድ ረፋድ መልሳ ስትገነባት አየሁ። በመካከል የሆነውን ልንገራችሁ፤ ነገ ጠዋት ብሩሽ ስታነሡ እጃችሁ ለዘብ ካለ ድካሜ ተከፈለኝ ማለት ነው።

ያደግሁት ወንጂ ነው። ከአዳማ ወረድ ብሎ፣ አዋሽ ዳር፣ ዓይን እስኪታክት አገዳ የተዘረጋበት የስምጥ ሸለቆ ምድር። አባቴ ለአገዳ ቆረጣ ከወሎ ወርዶ እዚያው ቀረ፤ አያቴም ልጇን ብላ መጥታ ከእኛ ጋር ኖረች። የምንጠጣው የጉድጓድ ውኃ ነበር፤ ለዓይን ኩልል ያለ፣ ለምላስ የሚጥም ውኃ። ነገር ግን ስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ የሠራው አገር ነው። ውኃው በዚያ ዐለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ የሚባለውን ማዕድን ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የወንጂ ጉድጓዶች ግን ከዚህ በእጅጉ አልፈው ስለተገኙ፣ የወንጂ ስም በሐኪሞች ጥናት ውስጥ ተደጋግሞ ይነሣል።

ልብ በሉ፤ የሕፃን ቋሚ ጥርስ ከመብቀሉ በፊት ድድ ውስጥ ተሸሽጎ ለዓመታት ይሠራል። በእነዚያ ዓመታት ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ የጠጣ ልጅ፣ ጥርሱ ነጭ ነጠብጣብ ይዞ ይወጣል፤ ሲብስም እየዋለ እያደረ ቡናማ ይሆናል። ቀለሙ ጥርሱ ውስጥ የገባ ነው፤ እንደ ቡና እድፍ ከላይ የተለጠፈ አይደለም። እኔ ይህን በልጅነቴ አላውቅም ነበር። ከእኩዮቼ ጋር ስንሣሣቅ የሁላችንም ጥርስ አንድ ዓይነት ስለነበር፣ ልዩ ነገር እንዳለብኝ እንኳ አልጠረጠርሁም።

ጥርሳቸው ከእኛ ከሚለየው አንዷ አያቴ ነበረች። ደጋ ያደገች፣ በልጃገረድነቷ ድዷን የተነቀሰች ሴት ናት። ስትስቅ ነጭ ጥርሷ ከጠቆረው ድዷ ላይ ፍንትው ይላል። ንቅሳቱ ጌጥ ነው፤ ድድም ያጠነክራል ይባል ነበር። ከቡና በኋላ የወይራ መፋቂያዋን ከመቀነቷ ታወጣና ጫፉን አኝካ አኝካ እንደ ጭራ ታላላዋለች። ከዚያ እያወጋች፣ አንዱን ጥርስ ከአንዱ ሳታዳላ፣ ቀስ እያለች ትፍቃለች። ስትፍቅ ቸኩላ አይቻት አላውቅም።

ለትምህርት አዲስ አበባ የመጣሁ ሰሞን አንድ የክፍል ጓደኛዬ፣ በክፋትም አልነበረም፣ “ጥርስህን አትታጠብም እንዴ?” አለኝ። ያቺ ቃል ውስጤ ገብታ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስስቅ አፌን በእጄ መከለል ለመድሁ። ከሱቅ “ጠንካራ” የተባለውን ብሩሽ መርጬ ገዛሁ። ከሰል ፈጭቼ በጨው ለወስሁ። ሎሚ ያነጣል ሲሉኝ ሎሚ ቆርጬ ጥርሴን አሸሁበት፤ ወዲያው በላዩ ብሩሹን አስከተልሁ። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ፣ ሰው ቤት የተጠራሁ ቀን ደግሞ ሦስተኛ። የብሩሹ ጸጉር ወር ሳይሞላው ወደ ውጭ ይገለበጥ ነበር። ቡናማው ቀለም ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

አንድ ክረምት ወንጂ ሄጄ ቧንቧው ሥር ቆሜ ስፈትግ፣ አያቴ ከኋላዬ መጥታ ዝም ብላ ስታየኝ ቆየች።

“ልጄ፣ ጥርስ እኮ ነው፤ ድስት መሰለህ?”

“ቆሻሻው አልለቅ ብሎኝ ነው፣ እማዬ።”

“ቆሻሻ መሆኑን ማን ነገረህ?”

መልስ አልነበረኝም። አፌን ተጉመጥሙጬ ወደ ቤት ገባሁ። ያን ጥያቄ በጊዜው መልሼው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ወግ ባልኖረ ነበር።

ዓመታት አለፉ። አርባን ስሻገር ቀዝቃዛ ውኃ አፌ ሲገባ፣ ከክራንቻዬ ተነሥቶ ዓይኔ ሥር የሚደርስ ንዝረት ጀመረኝ። ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ ነፋሱን ፈርቼ ከንፈሬን እገጥማለሁ። ብርቱካን መብላት ተውሁ። መስተዋት ፊት ቆሜ ከንፈሬን ብገልጥ፣ ክራንቻዬ ረዝሟል። ጥርስ በዚህ ዕድሜ እንደማያድግ አውቃለሁ። ከክራንቻዬ ቀጥሎ ያለውን ጥርስ አንገቱን በጥፍሬ ስዳስስ፣ ጥፍር የሚይዝ ስርጉድ አለበት።

የጥርስ ሐኪሞቻችን ይህን “ድድ ሸሸ” ይሉታል። እንዴት ያለ ልክክ ያለ ቃል ነው! ድዱ ጥርሱን ትቶ፣ ወደ ሥሩ አቅጣጫ እያፈገፈገ ይሄዳል። ጥርሱ የረዘመ የሚመስለው ተሸፍኖ የኖረው ሥሩ ስለሚገለጥ ነው። የጥርስን አናት የሚያለብሰው ኢናሜል ከአካላችን ሁሉ የጠነከረው ነገር ነው። ሥሩ ግን እንደዚያ ያለ ልብስ የለውም፤ ልብሱ ድዱ ነው። ድዱ ሲሸሽ፣ ለፀሐይም ለብርድም ያልተፈጠረ ገላ ሜዳ ላይ ይወጣል።

ንዝረቱስ ከየት መጣ? ከኢናሜሉ ሥር ያለው ዴንቲን የሚባለው ክፍል፣ ዓይን በማያያቸው ቱቦዎች የተበሳሳ ነው፤ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ውስጥ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። በቱቦዎቹ ውስጥ ፈሳሽ አለ። ስዊድናዊው ማርቲን ብራንስትሮም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሙከራ እንዳሳየው፣ የተራቆተ ዴንቲን ቅዝቃዜ ወይም ነፋስ ሲያገኘው ያ ፈሳሽ ይንቀሳቀሳል፤ በውስጥ ያለው ነርቭም እንቅስቃሴውን ሕመም አድርጎ ይሰማዋል። እንግዲህ እኔ ታክሲ ጥበቃ ላይ ከንፈሬን የምገጥመው፣ እነዚያን የቱቦዎች አፎች መዝጋቴ ነበር።

በመጀመሪያ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ስርጉዱን አስሞላሁ። ንዝረቱ በዚያው ቀን ቆመ። ደስ ብሎኝ ማታ ብሩሼን አነሣሁና እንደ ልማዴ ፈተግሁ። በስምንተኛው ወር እራት ላይ አንድ ጠጠር የመሰለ ነገር ምላሴ ላይ አረፈ፤ ሙሌቱ ወልቋል። ሳየው ስርጉዱ ከበፊቱ ጠልቋል፤ ድዱም ይበልጥ ርቋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ያፈረሰው እጅ ሳይመከር የተጠገነው ተመልሶ ፈረሰ።

ሁለተኛዋ ሐኪም በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። በሚሊሜትር የተሰመረች ቀጭን መለኪያ ይዛ ጥርስ በጥርስ ለካች፤ ረዳቷ ጻፈች። የላይኛው ክራንቻ፣ ድዱ 4 ሚሊሜትር ሸሽቷል፤ ሥሩ ግን ብዙም አልተበላም። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ጥርስ፣ ድዱ 3 ሚሊሜትር ሸሽቷል፤ አንገቱም በስርጉድ ተቆርጧል። ከታች በኩል ያለው አቻው፣ ድዱ ከቦታው እምብዛም አልተነቃነቀም፤ አንገቱ ላይ ግን ጉድጓድ አለ። ሦስቱም በግራ በኩል ናቸው። መለኪያዋን አስቀመጠችና አዲስ ብሩሽ እጄ ላይ አኖረች።

“ጋሼ፣ ቤትዎ እንደሚያደርጉት ይቦርሹልኝ።”

ብሩሹን በቡጢ ጨብጬ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ጎተትሁት። ሦስት ጊዜ ሳልመላለስ እጄን ያዘች።

“በቃ፣ አየሁት። ቀኝ እጅዎ ነው፤ ብሩሹ መጀመሪያ የሚያርፈው ግራው ጥርስ ላይ ነው። ክንድዎ ያልደከመበት ቦታ እሱ ነው።” ከዚያ ፈገግ ብላ፣ “ለስድስት ሳምንት ጥርስዎን አልነካም። መጀመሪያ እጅዎን እናክም” አለችኝ።

ጥርስ ሊታከም የሄደ ሰው እጁ ታካሚ ሲሆን ምን ይበል? ለስላሳ ብሩሽ ገዛሁ። እንደ እርሳስ በጣት ጫፍ መያዝን፣ ጸጉሩን ወደ ድዱ አዘንብሎ በትንሹ ማርገብገብን፣ ከድድ ወደ ጥርስ ማንከባለልን ተማርሁ። ሎሚውንም ከሰሉንም ጣልሁ። ኮምጣጣ ከቀመስሁ በውኃ ተጉመጥሙጬ፣ ብሩሹን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ማቆየት ለመድሁ። በዚያ ስድስት ሳምንት በየቀጠሮው ስመላለስ ነው ሐኪሟ የሙያዋን ታሪክ ያጫወተችኝ፤ አሁን ያንን ላውጋችሁ።

ዊሎቢ ሚለር የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ። በዘመኑ የጥርስ አንገት ለምን ይበላል የሚለው ነገር ብዙ ያከራክር ነበር። ሚለር የተነቀሉ ጥርሶችን ሰብስቦ፣ በብሩሽና በዘመኑ የጥርስ ዱቄቶች ደጋግሞ አስፈተገ፤ ያገኘውንም እ.ኤ.አ. በ1907 አሳተመ። ሻካራ ዱቄት የተጫነበት ብሩሽ የጥርሱን አንገት እንደ ሞረድ ሲበላው አየ። ዱቄቱ ሲቀር ግን ጉዳቱ ከቁጥር አይገባም። ይህን ስሰማ የፈጨሁት ከሰል ሁሉ ትዝ አለኝ። ሎሚው ጥርሱን ያላላል፣ ከሰሉ ይሞርዳል፣ ክንዴ ይገፋል። ሌሊት ጥርስ ማፋጨትም አንገቱን ያደክማል የሚሉ አሉ፤ የሙያው ሰዎች በዚህ ላይ እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ያ የጥርሱ ነገር ነው። የድዱን ነገር የገለጠው ሃራልድ ሎ የሚባል ኖርዌያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ዴንማርክ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ 12 ጤነኛ ሰዎችን ጥርስ ማጽዳት አስቆማቸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሁሉም ድድ ቀላ፣ አበጠ። ማጽዳት ሲጀምሩ በቀናት ውስጥ ዳነ። ድድን የሚያሳምመው ጥርስ ላይ የሚያድረው ዝልግልግ የጀርም ሽፋን መሆኑ በዚያ ታወቀ።

ሎ በዚህ አልቆመም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970 ሁለት አገር ላይ ክትትል ጀመረ። አንደኛው ወገን በኖርዌይ ኦስሎ የተማሩ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ የጥርስ ሐኪም የሚያያቸውና ብሩሽ የማይለያቸው ወንዶች፣ 565። ሌላው ወገን በስሪላንካ የሻይ እርሻ ላይ ጉልበታቸውን የሚሸጡ፣ ብሩሽም ሐኪምም የማያውቁ ወንዶች፣ 480። እነዚህን ሰዎች እየተመላለሰ ለዓመታት ተከታተላቸው፤ የድዳቸውን ሽሽት የሚመለከተው ዘገባም በ1992 ወጣ።

የማን ድድ የሸሸ ይመስላችኋል? የሁለቱም። በስሪላንካ ሠላሳ ዓመት ከሞላቸው ውስጥ 90 በመቶው፣ አርባ ከሞላቸው ውስጥ ሁሉም ድዳቸው ሸሽቶ ነበር፤ በውጭም በውስጥም፣ በጥርሶቹም መካከል። የእነሱ ድድ የሸሸው ከቆሻሻው ነው። በኦስሎ ደግሞ የሃያ ዓመት ወጣቶች ከመቶ ከ60 የሚበልጡት ድዳቸው መሸሽ ጀምሮ ነበር፤ ግን በአንድ በኩል ብቻ፣ ብሩሹ በሚያርፍበት በውጭው ፊት። ቆሻሻ በሌለበት ንጹሕ አፍ ውስጥ ድዱ ከማን ይሸሻል? ከእጁ ነዋ።

ወንበሩ ላይ ተጋድሜ ይህን ስሰማ ዕንባዬ መጣ። ማር ሲበዛ ይመራል። ውኃችን ውስጥ የነበረው ፍሎራይድ በልኩ ቢሆን ጥርስ ጠባቂ ነው፤ ልኩን አልፎ ጥርሴን አጠቆረ። ማጽዳት በልኩ ቢሆን ድድ ጠባቂ ነው፤ እኔም ልኩን አልፌ ድዴን አሳደድሁ። ሁለት ጊዜ የተጎዳሁት በደግ ነገር ነው።

ስድስት ሳምንቱ ሲሞላ ሐኪሟ ድጋሚ ለካች። ሽሽቱ ቆሟል። ቢሆንም የሸሸ ድድ በራሱ እንደማይመለስ፣ የሄደውን የሚመልሰው ጥገና ብቻ እንደሆነ አስረዳችኝ። ጥገናውም እንደ ጉዳቱ ይለያያል። የጠፋው ጥርስ ከሆነ ይሞላል፤ የጠፋው ድድ ከሆነ ይተከላል፤ ሁለቱም ከጠፉ ሁለቱም ይደረጋል፣ ግን በቅደም ተከተል። ድዱ ሸሽቶ ሳለ ሥሩን በሙሌት ቢለብሱት ንዝረቱ ይቆማል፤ ጥርሱ ግን እንደረዘመ ይቀራል። ጥርሱ ተቦርቡሮ ሳለ ደግሞ ድድ ቢጎትቱበት፣ ድዱ ገደል አፋፍ ላይ እንደተዘረጋ ምንጣፍ ድጋፍ ያጣል።

ከታችኛው ጥርስ ጀመረች። ለእሱ የመረጠችው የመስታወት ዱቄት ከአሲድ ጋር ተለውሶ የሚጠነክር ሲሚንቶ ነው። አላን ዊልሰንና ብራያን ኬንት ለንደን ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1972 ለጥርስ ሐኪሞች ያስተዋወቁት ነው። ከጥርሱ ካልሲየም ጋር በኬሚካል ስለሚጣበቅ፣ የጥርስ አንገት ላይ አጥብቆ በመቆየት የተመሰከረለት ነው። ሌላም ጠባይ አለው፤ ከውስጡ ጥቂት በጥቂት ፍሎራይድ ይለቃል። ይህን ስትነግረኝ ዝም አልሁ። በልጅነቴ ጥርሴን ያጠቆረው ያው ማዕድን፣ አሁን በመጠኑ ሆኖ ሥሬን ሊጠብቅ ገባ።

ለላይኛው፣ ሁለቱም ለጎደለበት ጥርስ፣ በሰማያዊ ብርሃን የሚደርቀውን ሙሌት ተጠቀመች። ይህ ሙሌት ጥርስ ላይ መያዝ የቻለው አሜሪካዊው ማይክል ቦኖኮር እ.ኤ.አ. በ1955 ኢናሜልን በአሲድ ማሻከር እንደሚያጣብቅ ካሳየ ወዲህ ነው። ሐኪሟ ስርጉዱን እስከ ታች አልሞላችም። ድዱ ተመልሶ ሊደርስበት የሚችለውን መስመር አስቀድማ ለክታ፣ እስከዚያ ድረስ ብቻ ሞልታ አለሰለሰችው። የቀረው የድዱ ድርሻ ነው። ግንበኛ የጣሪያውን ልክ አይቶ ግድግዳውን እንደሚያቆመው ማለት ነው።

የቀረው ተከላው ነው። የሚተከለው ሥጋ የሚመጣው ከላንቃ ነው። ስዊድናዊው ሂልዲንግ ቢዮርን እ.ኤ.አ. በ1963 ከላንቃ ቆዳ ገፎ ድድ ላይ ተከለ፤ በ1968 አሜሪካውያኑ ሳሊቫንና አትኪንስ ዘዴውን አደላድለው ጻፉት። ይህን ስትነግረኝ አንድ ጥያቄ ከአፌ ወጣ።

“ዶክተር፣ ቀለሙስ? የእኔ ድድ ጥቁር ነው፤ ላንቃዬ ግን ገርጣ ያለ ነው።”

“ትክክለኛ ጥያቄ ነው ጋሼ። በዚያ ዘዴ የተተከለ ሥጋ የላንቃን ቀለም እንደያዘ ይኖራል። እንደኛ ጥቁር ድድ ላይ ሲሆን እንደ ልጥፍ ነጥሮ ይታያል።”

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ያስረዳውም ያው ሎ ነው፤ ከቶርኪልድ ካሪንግና ከኒክላውስ ላንግ ጋር። በ1975 ባወጡት ሥራ፣ በዝንጀሮዎች አፍ ውስጥ ከድድ ሥር ያለውን ሥጋ ብቻ ወስደው፣ ልል በሆነው የጉንጭ በኩል ቆዳ ሥር ቀበሩት። በላዩ የበቀለው አዲስ ቆዳ እንደ ጎረቤቱ ልል አልሆነም፤ ጠንካራ፣ ድድ መሳይ ሆኖ በቀለ። ቆዳ ምን እንደሚሆን የሚያዘው ከሥሩ ያለው ሥጋ ነው ማለት ነው። ሥጋ ተነቅሎ ቢሄድም አገሩን አይረሳም።

ይህ ዕውቀት መንገድ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1985 ቡርተን ላንገርና ሎሪን ላንገር የላንቃውን የላይኛ ቆዳ እዚያው ትተው፣ የውስጡን ሥጋ ብቻ አውጥተው፣ በበሽተኛው በራሱ ድድ ሥር አዳብለው የሚተክሉበትን ዘዴ አሳተሙ። ውጭ የሚታየው የራስ ድድ ነው፤ ከውስጥ የሚደግፈው የላንቃ ሥጋ ነው። የአያቴን ድድ የመሰለ ጥቁር ድድ ያለው ሰው፣ ጥቁሩ ሳይነካ ይታከማል።

በዚያው ዓመት ሌላ ሚለር ተነሣ፤ ይህኛው ፕሬስተን ሚለር ነው። ሽሽትን በአራት ደረጃ ከፈለ። ቁልፉ በጥርሶቹ መካከል ያለው ድድና አጥንት ነው። እሱ ደህና ከሆነ ሥሩ ሙሉ በሙሉ ሊሸፈን ይችላል፤ እሱ ከጎደለ ሽፋኑም ይጎድላል፤ ጨርሶ ከፈረሰ ተስፋ የለውም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የጥርስ ሥር ደም የለውም። በላዩ የተዘረጋ ሥጋ ከሥሩ የሚቀምሰው ነገር ስለሌለ፣ የሚኖረው ከግራና ከቀኝ፣ ከላይም ካለበሰው ድድ በሚደርሰው ደም ነው። ጎረቤት የሌለው ተከላ አይጸድቅም። የስሪላንካዎቹ ሰዎች ጎረቤቱንም አጥተዋል፤ እኔ ግን እሱ ቀርቶልኛል።

ቀኑ ደረሰ። ማደንዘዣው ሲወጋኝ ላንቃዬ ላይ ጠበቅ አለ እንጂ ከዚያ በኋላ ሕመም አልነበረም፤ የምሰማው ግፊትና ድምፅ ብቻ ነው። ሐኪሟ ከመንጋጋዬ ወደ ፊት አንድ መስመር ቀዳ፣ ከውስጥ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያላት ስስ ሥጋ አወጣች። የላንቃውን ቆዳ በቦታው መልሳ ሰፋችው። የተራቆቱትን ሥሮች ጠርጋ አለሰለሰች። ከዚያ የሸሸውን ድድ ከያዘው ነገር እያላቀቀች ለቀቅ አደረገችው። ይህ ነው ትዕግሥቱ። ድዱ ተጎትቶ ከመጣ ይሸሻል፤ ሳይወጠር በራሱ ተንሸራቶ ከመጣ ይቆያል። ሥጋዋን ከሥሩ አዳበለች፣ ድዱን በላይዋ አለበሰች፣ ከፀጉር በሚቀጥን ክር ሰፋችው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ።

“ከንፈርዎን ገልጠው እንዳያዩ” አለችኝ በመጨረሻ። “ተከላው የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚኖረው ከዙሪያው በሚሰርገው ፈሳሽ ነው። ቀስ በቀስ ጥቃቅን የደም ሥር ይዘረጋለታል። ያን ጊዜ ከተነቃነቀ ይሞታል።”

ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቢሆን የመጽደቁ ዕድል እንደሚቀንስም ነገረችኝ፤ ትንባሆ የደም ሥርን ያጠባልና። እኔ የምተወው ሲጋራ አልነበረኝም። ሦስት ቀን ከድዴ ይልቅ ላንቃዬ አቃጠለኝ። የቀዘቀዘ አጥሚት ጠጣሁ፣ ለስላሳ ፍትፍት በቀኝ በኩል በላሁ፤ በርበሬ፣ ቆሎና ትኩስ ቡና ከደጄ ራቁ። ብሩሽ በዚያ በኩል ተከለከለ፤ በምትኩ ክሎርሄክሲዲን የሚባል መጉመጥመጫ ተሰጠኝ።

እውነተኛው ፈተናዬ የመጣው ያኔ ነው። ያ መጉመጥመጫ ጀርም ይገድላል፤ ሲቆይ ግን ጥርስን ቡናማ ያደርጋል። በአሥረኛው ቀን መስተዋት ፊት ስቆም ግራው ጥርሴ ጠቁሯል። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ የሰማኋት ያቺ ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸች፤ “ጥርስህን አትታጠብም እንዴ?” እጄ ወደ ብሩሹ ሄደ። ብሩሹን አነሣሁት፤ ያዝሁት። ከዚያ መልሼ አስቀመጥሁት። ሃያ አምስት ዓመት የገዛኝን ነገር ያሸነፍሁት በዚያች ቅጽበት ነው። ይህኛው እድፍ ከላይ ስለሆነ ሐኪሟ በኋላ በአንድ ቀጠሮ ጠርጋ አነሣችው። በሁለተኛው ሳምንት ስፌቱ ወጣ፤ ለስላሳ ብሩሽ በጣት ጫፍ የተፈቀደልኝ ከዚያ በኋላ ነው።

በስድስተኛው ወር መለኪያዋ ተመልሳ መጣች። ክራንቻዬ ተሸፍኗል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ግማሽ ሚሊሜትር ቀርቶታል፤ የቀረው ሁሉ ድዱ ከሙሌቱ ጠርዝ ተገናኝቷል። ቀለሙ ጥቁር፣ የራሴ ነው። ከክሊኒኩ ወጥቼ ቀዝቃዛ ውኃ ገዛሁና በግራ በኩል አሳልፌ ጠጣሁ። ምንም አልነዘረኝም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ድዱ የሸሸ ሁሉ ተከላ አያስፈልገውም። ካላመመ፣ እየባሰ ካልሄደ፣ መልኩም ካላስጨነቀ፣ ለክቶ መከታተል ይበቃል። ንዝረቱን ብቻ የሚያስታግሱ የጥርስ ሳሙናዎችና ሐኪም የሚቀባቸው የፍሎራይድ ቅባቶች አሉ። መፋቂያ የያዛችሁም አትዘናጉ፤ ወይራም ሆነ ክትክታ በጉልበት ከተነዳ ድድ ያሳድዳል። አያቴን የጠበቃት እንጨቱ ብቻ አልነበረም፤ አለመቸኮሏም ነው።

ባለፈው መስከረም ወንጂ ሄድሁ። ጠዋት ስነሣ የወንድሜ የልጅ ልጅ ቧንቧው ሥር ቆሟል። ብሩሹን በቡጢ ጨብጦ፣ ክርኑ እየተወራጨ፣ አረፋው እስከ አገጩ ወርዶ። ጥርሱ እንደ እኔው ቡናማ ነው። ያን ቀለም ሐኪም ሊያነጣው ወይም ሊያለብሰው ይችላል፤ ብሩሽ ግን አይችልም። ሄጄ እጁን ቀስ ብዬ ያዝሁ። ቀና ብሎ አየኝ።

“ቆሻሻው አልለቅ ብሎኝ ነው፣ አባባ” አለ።

“ቆሻሻ መሆኑን ማን ነገረህ?”

ጥቂት ዝም አለ። “ታዲያ ምንድን ነው?”

ጣቶቹን ከፍቼ ብሩሹን እንደ እርሳስ አስያዝሁት። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልሁና፣ ለእናንተ እንደነገርኋችሁ፣ ከመጀመሪያው ከውኃው ጀምሬ ነገርሁት።